የልጅ ብዛት፣ የእጅ ብዛት

በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ በሴንት ፖል ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ፣ ጎርደን ፓርክስ ሃይስኩል የሚባል ትምህርት ቤት አለ። ክሬዲት የጎደላቸውና ከእኩዮቻቸው ወደ ኋላ የቀሩ ወጣቶች ትምህርታቸውን የሚያሟሉበት ቤት ነው። ስሙን ያገኘው ከአንድ ፎቶ አንሺ ነው። ጎርደን ፓርክስ እ.ኤ.አ. በ1912 በካንሳስ ግዛት፣ ፎርት ስኮት በምትባል ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ አሥራ አምስተኛውና የመጨረሻው ልጅ ነበር። እናቱ ሲሞቱበት ገና ጎረምሳ ስለነበር ሴንት ፖል ወደምትኖር እህቱ ዘንድ ተላከ። ብዙም ሳይቆይ ከእህቱ ባል ጋር ተጋጭቶ በዚያ በሚኒሶታ ብርድ ከቤት ተባረረ። ማደሪያ ሲያጣ በሴንት ፖልና በሚኒያፖሊስ መካከል በሚመላለሰው የከተማ ባቡር ተሳፍሮ ሌሊቱን እዚያው ያነጋ እንደነበር በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። ሃይስኩል ጀመረ እንጂ አልጨረሰም። በኋላ የላይፍ መጽሔት የመጀመሪያው ጥቁር ቋሚ ፎቶ አንሺ፣ ደራሲና የፊልም ዳይሬክተር ለመሆን በቃ።

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ከሁለት አንዱን ማለቱ አይቀርም። አንዱ «አሥራ አምስት ልጅ ወልዶ ማን ያስተምራል?» ይላል። ሌላው የአያቶቻችንን አባባል ያነሳል፦ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል»፤ ይኸው አድጎ የለ! ለእኔ ሁለቱም አይዋጡልኝም። ፓርክስን ከትምህርት ገበታ ያስነሳው የእናቱ ሞት፣ የማደሪያ ማጣትና በዚያ ዘመን ጥቁር ሆኖ መወለድ ነው። የእህቱ ቤት አንድ የድጋፍ እጅ ነበር፤ እሱ ሲታጠፍበት የሚይዘው ሌላ እጅ አልነበረም። በዕድሉ አደገ የሚለውም ቢሆን አያዛልቅም። እንደ እሱ በባቡር ውስጥ አድረው ስማቸው ሳይሰማ የቀሩትን ማን ቆጠራቸው?

የቤተሰብ ብዛትና የልጆች ትምህርት ምን እንደሚያገናኛቸው ተመራማሪዎች ከጠየቁ ቆይተዋል። በስፋት የሚጠቀሰው አሜሪካዊቷ የሥነ ሕዝብ ምሁር ጁዲት ብሌክ በ1989 ያሳተሙት መጽሐፍ ነው። መነሻቸው ለማንም ግልጽ ነው፤ ለሦስት ሰው የተሠራ ወጥ ስምንት ሰው ሲቀርብበት የእያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል። የሚያንሰው ደግሞ ገንዘብ ብቻ አይደለም። እናት ከሥራ ስትመለስ የቤት ሥራ የምታይበት ሰዓት፣ ልጅ ሲያወራ የሚያዳምጥ ጆሮ፣ ደብተር ዘርግተው የሚቀመጡበት ጸጥ ያለ ጥግ፣ ሁሉም ይከፋፈላል። ብሌክ የመረመሩት የአሜሪካ መረጃም በጥቅሉ ከብዙ ልጆች መካከል ያደገ ሰው በትምህርት ያነሰ ደረጃ ላይ እንደሚቆም አሳይቷል።

እዚህ ላይ ግን አንባቢ ቆም ማለት አለበት። ብዙ ልጅ ያለው ቤት ከመጀመሪያውም በሌላ ነገር ይለያል። የሀገራችንን ቁጥር እንይ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳስቀመጠው አንዲት ኢትዮጵያዊት በዕድሜዋ በአማካይ 4.6 ልጅ ትወልዳለች። በአዲስ አበባ አሃዙ 1.8፣ በአማራ ክልል 3.7፣ በሶማሌ ክልል 7.2 ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ ከሶማሌ ክልል አርብቶ አደር ልጅ የበለጠ ቢማር ምክንያቱ የወንድሞቹ ማነስ ነው ልንል ነው? አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤቱ ሰፈር ውስጥ ነው፤ እናትየው ራሷ የተማረች የመሆን ዕድሏ ሰፊ ነው፤ ድርቅ መጥቶ ቤተሰቡን ከከብቱ ጋር አያሰድድም። የልጅ ቁጥር፣ ድህነት፣ የትምህርት ቤት ርቀት፣ የእናት መማር፣ ሁሉም ተያይዘው ስለሚመጡ የትኛው የትኛውን እንደጎተተ በዓይን አይታይም።

ተመራማሪዎች ይህን ቋጠሮ የሚፈቱበት አንድ ብልሃት መንትዮች ናቸው። ሦስተኛ ልጅ ብቻ አስቦ መንታ የመጣበት ቤተሰብ አራተኛውን ያገኘው አቅዶ አይደለም፤ ሀብቱም ትምህርቱም ሦስት ብቻ ከወለደው ጎረቤቱ ጋር ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ቀድመው የተወለዱትን የሁለቱን ቤቶች ልጆች ማወዳደር ይቻላል። ሳንድራ ብላክ፣ ፖል ዴቨሩና ሼል ሳልቫኔስ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በኖርዌይ የመላውን ሕዝብ መዝገብ ይዘው እንዲህ አደረጉና ውጤቱን በ2005 አሳተሙ። ልጆቹ ስንተኛ ሆነው እንደተወለዱ ከግምት ሲገባ የቤተሰብ ብዛት ብቻውን የሚያመጣው ልዩነት ኢምንት ሆነ። በእስራኤል የተደረገና በ2010 የታተመ ተመሳሳይ ጥናትም ብዛቱ የልጆችን ትምህርት እንደሚጎዳ ማስረጃ አላገኘም።

በቻይና ግን ነገሩ ተገለበጠ። እዚያም መንትዮችን ተጠቅመው በ2008 ያሳተሙ ተመራማሪዎች ልጅ ሲበዛ ትምህርት እንደሚቀንስ፣ ያውም ጉዳቱ በገጠር እንደሚጎላ አገኙ። የቻይና ገጠር የመንግሥት ትምህርት የደከመበት፣ ወጪው ከወላጅ ኪስ የሚወጣበት ነበር። ኖርዌይ ደግሞ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ዩኒቨርሲቲ መንግሥት ድርሻውን የሚሸከምባት ሀገር ናት። የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ይመስለኛል፤ የልጅ ቁጥር የሚከብደው ወላጅ ብቻውን ሲሸከመው ነው።

የሚሸከመው ሌላ እጅ መንግሥት ብቻ ላይሆን ይችላል። ዮሲ ሻቪትና ጄኒፈር ፒርስ በ1991 ባወጡት ጥናት በእስራኤል በሚኖሩ አይሁዳውያን ዘንድ የወንድምና የእህት ብዛት ትምህርትን ሲቀንስ በሙስሊም ዐረቦች ዘንድ ግን ይህ አልታየም፤ ዘመድ አዝማዱ ተጠግቶ ስለሚኖርና ስለሚደጋገፍ ሊሆን እንደሚችል አስረድተዋል። በአሜሪካም ምዕመናኑ እርስ በርስ በሚረዳዱባቸው በሞርሞን ቤተሰቦች ዘንድ የብዛቱ ጉዳት እንደሌላው እንዳልሆነ የሚያሳይ ጥናት በ2016 ወጥቷል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከገጠር ወጥቶ የተማረ ኢትዮጵያዊ ከተማ ባለ አጎት ወይም አክስት ቤት ተቀምጦ ተምሯል፤ ያ ካልሆነ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ በየሳምንቱ ከቤቱ ስንቅ እየተላከለት ነው ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰው። አንዱ ልጅ እንዲማር አንድ ጎጆ ሙሉ ዘመድ ይረባረባል።

አሁን ወደ ጎዳናው እንመለስ። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ከሚኒሶታ ምክር ቤት ሕንጻ ደጃፍ ተነስቶ ወደ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ያቀናል። ስሙም ከዚያው ነው። በመካከሉ ፍሮግታውንና ሚድዌይ የሚባሉ ሰፈሮች አሉ፤ ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ ከላኦስና ከቬትናም የተሰደዱ ሞንጎችና ቬትናሞች ሱቅ የከፈቱት፣ ቀጥሎም ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ኤርትራዊው የደረሰው እዚህ ነው። ከስኔሊንግ መስቀለኛ መንገድ አጠገብ ፋሲካ ሬስቶራንት አለ፤ እዚያ ክትፎ ያልበላ የሴንት ፖል ሐበሻ መኖሩን እጠራጠራለሁ። እነዚህ ስደተኞች ባብዛኛው ከአሜሪካ አማካይ የሚበልጥ ልጅ ይዘው የመጡ ናቸው፤ ስለዚህ የጁዲት ብሌክ ንድፈ ሐሳብ በደፈናው እውነት ከሆነ ልጆቻቸው በሙሉ ወደ ኋላ መቅረት ነበረባቸው።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች፣ ነይተን ካፕላንና ባልደረቦቻቸው፣ ይህን ጥያቄ ከቬትናምና ከላኦስ በተሰደዱ ቤተሰቦች ላይ አጠኑት። ሥራው የተካሄደው በሚኒሶታ ሳይሆን እንደ ሂዩስተን፣ ቺካጎና ቦስተን ባሉ አምስት ከተሞች አካባቢ ነው። የሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት በ1992 ያወጣው ውጤት ብዙዎችን አስገረመ፤ በእነዚህ ስደተኛ ቤቶች የልጅ መብዛት ውጤት አላወረደም። ምስጢሩ ከእራት በኋላ ያለው ሰዓት ነበር። ገበታው ተነስቶ ጠረጴዛው ሲጸዳ ልጆቹ ሁሉ በዙሪያው ተቀምጠው አብረው ያጠናሉ፤ ታላቅ ታናሹን ያስረዳል። ወላጆቹ እንግሊዝኛ ስለማይችሉ የቤት ሥራ አያግዙም፤ የሚያግዙት ሌላውን የቤት ሥራ ራሳቸው ወስደው የልጆቹን ሰዓት ነጻ በማድረግ ነው። እዚያ ቤት ወንድምና እህት ድርሻ የሚሻማ አፍ ብቻ አልሆነም፤ አስተማሪም ሆነ። ታናሹን የሚያስረዳው ታላቅም በማስረዳቱ ራሱ የበለጠ ይማራል።

እንዲህ ስል ብዙ ልጅ መውለድን እየሰበክሁ እንዳይመስል ሌላውን ገጽ ላንሳ። በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ልጆች እኩል አይከፍሉም። በኖርዌይ ተጠቃሚው የበኩር ልጅ ነው፤ ታናናሾቹ ደረጃ በደረጃ እያነሰ የሚሄድ ትምህርት ያገኛሉ። በድሃ ሀገር ይህ ይገለበጣል። በብራዚል የተደረገ ጥናት የበኩር ወንድ ልጅ ከታናናሾቹ ይልቅ ለሥራ የመሰማራት፣ ከትምህርት ቤት የመቅረት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል፤ በኢኳዶርም ኋላ የተወለዱት የተሻለ ይማራሉ። ገጠር ያደገ ኢትዮጵያዊ ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገውም። ትልቁ ልጅ ከብት ይጠብቃል፣ ትልቋ ልጅ ውኃ ትቀዳለች፣ ሕፃን ታዝላለች፤ ትምህርት ቤት የሚላከው ከሥራው ሊተርፍ የሚችለው ታናሹ ነው።

በስደት ቤት ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ቅደም ተከተል አለ፤ የመወለድ ሳይሆን የመድረስ። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ሦስት ልጆችን አስቡ። ትልቋ በአሥራ አምስት ዓመቷ ከአዲስ አበባ ወይም ከናይሮቢ መጥታ ቋንቋው ሳይገባት ዘጠነኛ ክፍል ተቀመጠች። መካከለኛው በሰባት ዓመቱ መጣ። ትንሹ ሴንት ፖል ተወለደ። ትልቋ የደረሰችበት ቤት አባት ሌሊት ፓርኪንግ የሚሠራበት፣ እናት አረጋውያን ቤት ድርብ ሽፍት የምትገባበት፣ የባንክ ሒሳብ እንኳ ገና ያልተከፈተበት ነበር። ትንሹ ሲያድግ እናትየው ነርስ ሆናለች፣ ቤት ተገዝቷል፣ ስለ ኮሌጅ የምትነግረው እህት አለችው። በወረቀት አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ በማኅበራዊ መነሻ ግን ሁለት ቤተሰብ ናቸው። የትልቋ ድካም ለታናናሾቹ እንደሚተርፍ ደግሞ ማስረጃ አለ። በቺሊ፣ በክሮኤሺያ፣ በስዊድንና በአሜሪካ የተማሪዎችን መረጃ የመረመረ በ2021 የታተመ ጥናት ታላቅ የገባበት መንገድ ታናሽን እንደሚስብ፣ በአሜሪካ ታላቅየው የአራት ዓመት ኮሌጅ ሲገባ ታናሽየውም የመግባት ዕድሉ እንደሚጨምር አሳይቷል። ለትልቋ ግን ይህን መንገድ የከፈተላት የለም።

ማኅበራዊ መነሻ ስንል አባት ምን ይሠራል ከሚለው ያለፈ ነገር ነው። አንዳንዴ መነሻው በዶዘር ይወሰናል። ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ጥቂት መንገድ ወደ ደቡብ ራንዶ የሚባል የጥቁሮች ሰፈር ነበር። በ1950ዎቹና 60ዎቹ አይ 94 አውራ ጎዳና መሐሉን ቀዶ አለፈ፤ ወደ 700 የሚጠጉ መኖሪያ ቤቶችና 300 የሚሆኑ ሱቆችና ድርጅቶች ጠፉ። አንዳንድ የአሜሪካ ቤተሰብ ልጁን ኮሌጅ የሚልከው በቤቱ ዋጋ ላይ ተበድሮ መሆኑን ካስታወስን፣ በአንድ ትውልድ የፈረሰ ቤት በሚቀጥለው ትውልድ ያልተከፈለ የትምህርት ክፍያ ነው። የከተማው ከንቲባና የግዛቱ የመንገድ ኃላፊ ይቅርታ የጠየቁት በ2015 ነበር። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሳሙኤል ማየርስ ግዛቲቱ በአማካይ ሲታይ ከሀገሪቱ የተሻለ ኑሮ ያላት ሆና ጥቁር ነዋሪዎቿ ግን ከሀገሪቱ በከፋ ልዩነት የሚኖሩባት መሆኗን «የሚኒሶታ ፓራዶክስ» ብለውታል። የሚኒያፖሊስ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክም በ2019 ባወጣው ዘገባ በግዛቲቱ በዘርና በገቢ የሚታየው የትምህርት ልዩነት በሀገሪቱ ከከፉት ተርታ እንደሆነ ገልጿል።

ሌላው መነሻ ጠባይ ነው። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሯ አኔት ላሮ ከልዩ ልዩ መደብ የመጡ 12 ቤተሰቦችን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ አጥንተው በ2003 መጽሐፍ አወጡ። ባለ መካከለኛ ገቢው ወላጅ ልጁን ከትምህርት ቤት ወደ ሙዚቃ፣ ከሙዚቃ ወደ ኳስ ያመላልሳል፤ አስተማሪን ይሞግታል፤ ልጁም ሐኪም ፊት ቀርቦ ጥያቄ መጠየቅን ይማራል። ሠራተኛው ወላጅ ልጁን አብልቶ አልብሶ፣ ሥነ ሥርዓት አስተምሮ፣ የትምህርቱን ጉዳይ ለባለሙያው ይተዋል። በነዚህ ቤቶች ወንድማማችነቱ የጠበቀ፣ ዘመድ የሚዘወተርበት እንደሆነም ላሮ ጽፈዋል። ትምህርት ቤቱ ግን የሚሸልመው የመጀመሪያውን ጠባይ ነው። አስተማሪን እንደ የኔታ ማክበር ይዘን የመጣን እኛ፣ የወላጅ ስብሰባ ላይ «እርስዎ ያውቃሉ» ብለን ስንመለስ አክብሮት ያሳየን ይመስለናል፤ አስተማሪው ግን ግድ የሌለን አድርጎ ይወስደዋል። ይህን የመሰለ አለመግባባት ስንት ጎበዝ ልጅ ከከፍተኛ ክፍል እንዳስቀረ አስቡት።

የሕዝብ እጅ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ከዚያው ጎዳና ሳይወጣ ያገኘዋል። ዩኒቨርሲቲ አቬኑና ዴል የሚገናኙበት ጥግ የወሲብ ፊልም የሚታይበት ቲያትር ቤት ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ታግሎ አዘጋው፤ በቦታው በ2006 ራንዶ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ ፎቁ ላይ መኖሪያ ቤቶች አሉ። ሰባት ሆነው በሁለት መኝታ ቤት ለሚኖሩ ልጆች ጸጥ ያለው ጥግ እሱ ነው። በ2014 ሥራ የጀመረው ግሪን ላይን ባቡርም እንዲሁ ነው፤ በመጀመሪያው ዕቅድ በሃምሊን፣ በቪክቶሪያና በዌስተርን ፌርማታ አልነበረውም፤ መኪና የሌለው የበዛበት ሰፈር ዝም ቢል ኖሮ ባቡሩ ደጁ ላይ ሽው ብሎ ያልፍ ነበር። ጮኸ፣ ተጨመረለት።

ከዚያ ሕጎቹ አሉ። ከ2020 ጀምሮ ለሚወለድ የሴንት ፖል ነዋሪ ልጅ ከተማው 50 ዶላር ያለበት የኮሌጅ ቁጠባ ይከፍትለታል። በ2023 የትምህርት ቤት ቁርስና ምሳ ለሁሉም ተማሪ ነጻ ሆነ። በዚያው ዓመት ዝቅተኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ ለአንድ ልጅ 1,750 ዶላር የሚሰጥ የታክስ ድጋፍ ወጣ፤ የልጆቹ ቁጥር ገደብ የለውም። ስድስት ልጅ ያለው ቤት ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማስላት ካልኩሌተር አያሻም። ሁሉም ሕግ ግን እንዲህ አያስብም። ከ2024 መጸው ጀምሮ የሚኒሶታ መንግሥት ኮሌጆችን ክፍያ የሚሸፍነው ኖርዝ ስታር ፕሮሚስ መስፈርቱ የቤተሰብ ገቢ ከ80,000 ዶላር በታች መሆኑ ነው፤ አንድ ልጅ ያለውም ሰባት ያለውም በዚያው መስመር ይለካል። የፌዴራሉ የኮሌጅ እርዳታ ፎርም ፋፍሳ ደግሞ ቀድሞ ወላጅ ይከፍላል የሚባለውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ኮሌጅ ላሉት ልጆች ቁጥር ያካፍል ነበር፤ ከ2024–25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ይህ ቀረ። ተከታትለው የተወለዱ ሦስት ልጆችን በአንድ ጊዜ ኮሌጅ ለሚያስገባ ቤት ይህ ግፍ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

የሕዝብ እጅ ሲሰንፍ የሚሆነውን ደግሞ ሀገር ቤት አይተናል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ራሱ በወደቀበት አንድ ልጅ መውለድም አያድንም።

እዚሁ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ አካባቢ ለምትኖሩ ወላጆች ሦስት ነገር ልበል። ሃይስኩል ያለ ልጅ ካላችሁ ፒ.ኤስ.ኢ.ኦ. የሚባለውን ጠይቁ፤ ሚኒሶታ ከ1985 ጀምሮ የአሥራ አንደኛና የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ኮሌጅ ገብቶ ያለ ክፍያ እንዲማር ፈቅዳለች፤ መጽሐፉም ጭምር ነጻ ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ያሰበ እስከ ሜይ 30 ለትምህርት ቤቱ ማሳወቅ አለበት። ገቢያችሁ ምንም ያህል ቢሆን ፋፍሳ ሙሉ፤ የሌላው እርዳታ በር እሱ ነው። ትልቋን ልጃችሁን ደግሞ ከአስተርጓሚነት አሳርፏት። ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የተነሳ ትምህርት ቤቱ በሚገባችሁ ቋንቋ ሊያነጋግራችሁ ግዴታ አለበት፤ ለስብሰባው አስተርጓሚ ስትጠይቁ ክፍያ አይጠየቅባችሁም፤ እሷ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ መሆን አለባት።